አፈሩስ የት ገባ?

ካባው አፍ ላይ ስንደርስ ካቦው እጁን ዘርግቶ አስቆመን። ቀይ ጨርቅ እንጨት ጫፍ ላይ ያሰረ ልጅ መንገዱ መሐል ገብቶ ያውለበልባል፤ ድማሚት ሊፈነዳ ነው። አብረውኝ የመጡት ሽማግሌ ገበሬ ነገሩን ስለለመዱት ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ቁጢጥ ብለው ጋቢያቸውን ጆሯቸው ላይ ሳቡ። እኔም ጎናቸው ተወሸቅሁ። መጀመሪያ መሬቱ ከእግሬ ሥር ወዝወዝ አለ። ድምፁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አቧራው ተከተለ፤ በመጨረሻ ደቃቅ ጠጠር የዘበኛውን የቆርቆሮ ቤት ጣራ እንደ በረዶ ቀጠቀጠው።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አራግፈው ተነሡ። «የኔ ማሳ እዚያ ጋ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። ያመለከቱኝ መሬት አልነበረም። ጣታቸው የተቀሰረው ከጉድጓዱ በላይ ባዶ አየር ላይ ነው። ጤፍ ይበቅልበት በነበረው ከፍታ ላይ አሁን ጭልፊት ታንዣብባለች።

ቦታው በአዲስ አበባ ዳርቻ ካሉት በርካታ የድንጋይ ካባዎች አንዱ ነው። ታች ወለሉ ላይ ኤክስካቫተር የፈረሰውን ጥቁር ድንጋይ እየዛቀ ሲኖትራክ ላይ ይጭናል፤ ሲኖትራኩ እያቃሰተ ወደ ክሬሸሩ ይወጣል፤ ክሬሸሩ ሲያላምጥ ውሎ ጠጠሩን ዜሮ አንድ፣ ዜሮ ሁለት እያለ በየመጠኑ ይከምራል። የከተማው ፎቅም አስፋልቱም የሚወጣው ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ ነው። ስለዚህ «ካባ ይዘጋ» የሚል ጽሑፍ ልጽፍ አልሄድኩም፤ እኔም የማድረው ኮንክሪት ቤት ውስጥ ነው። ይዤ የሄድኩት አንድ ጥያቄ ነው።

«አፈሩስ የት ገባ?» አልኩት ካቦውን።

«የምን አፈር?»

«ከድንጋዩ በላይ የነበረው።»

«እሱማ ቆሻሻ ነው እኮ። ሥራ ሲጀመር ዶዘር ገብቶ ይጠርገዋል። ያኔ ወደ ገደሉ ነው የገፋነው» አለና በአገጩ ወደ ወንዙ አሳየኝ።

ሁለት ክረምት አልፎበታል። ገደሉ ሥር የቀረው ቀላ ያለ ጭቃና የጎርፍ ቦይ ብቻ ነው።

በካቦው አልፈርድም። እሱ የተቀጠረው ድንጋይ እንዲያወጣ ነው፤ ለእሱ ነገሩ የሚጀምረው ድንጋዩ ከታየ በኋላ ነው። ችግሩ «ቆሻሻ» ሲል ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን በአንድ ስም መጥራቱ ነው። ከላይ ያለችው ሃያ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ጠቆር ያለች ሽፋን ሕይወት ያላት ናት። ሥር፣ ፍግ፣ ትል፣ ዓይን የማያየው ሻጋታና ባክቴሪያ፣ ለዓመታት ተኝቶ የሚጠብቅ የሣርና የቁጥቋጦ ዘር ያለው እዚያ ነው። ከእሷ በታች ያለው ጭንጫና የበሰበሰ ድንጋይ ግን ጉድጓድ ለመሙላት፣ ገደል ለማስተኛት እንጂ እህል ለማብቀል አይረዳም። ሁለቱን ቀላቅሎ የገፋ ሰው ሁለቱንም አበላሸ ማለት ነው። አንድ ጣት ውፍረት ያለው አፈር እስኪፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጃል፤ ዶዘሩ ግን የአንድ ሔክታሩን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠርጋል።

ሥራውን የሚያውቁ ማዕድን አውጪዎች የላዩን አፈር ለብቻ ገፈው ለብቻ ይከምሩታል። ክምሩም ዝም ብሎ ተራራ አይደለም። ከሁለት ሦስት ሜትር በላይ ከፍ ካለ ውስጡ አየር አጥቶ ይታፈናል፤ ትሉም ሻጋታውም ይሞታል፤ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ መልኩ አፈር፣ ጠባዩ ግን ሙት ይሆናል። ስለዚህ ዝቅ አድርጎ መከመር፣ ሣር መዝራት፣ ከብትና መኪና እንዳይረግጠው ማጠር ያስፈልጋል። በዝናብ ወቅትም አይነካም፤ በተለይ ዋልካ አፈር እርጥብ ሆኖ ማሽን ከሄደበት እንደ ሸክላ ይጠጥራል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጨርሶ አለመከመር ነው። አዲስ ከሚከፈተው ጎን የተገፈፈውን አፈር በዚያው ሳምንት ድንጋዩ ወጥቶ ባለቀበት ጎን ላይ ማልበስ። ጉድጓዱ እየሄደ ከኋላው እየተዘጋ ይመጣል ማለት ነው፤ ወጪውም ከእለት ሥራው ጋር ስለሚዳበል ብዙም አይታወቅም።

ይህ ሁሉ ሳይደረግ ቀርቶ አፈሩ ከጠፋ በኋላ መሬትን መልሶ ማብቀል ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ሞምባሳ ይበቃል።

ከሞምባሳ ከተማ በስተሰሜን፣ ባምቡሪ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት የጀመረ የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ። ጥሬ ዕቃው ኮራል ነው። ባሕሩ ከዛሬው ከፍ ብሎ በነበረበት ዘመን የኖሩ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት አጽም ተደራርቦ የጠጠረ የኖራ ድንጋይ ማለት ነው። ፋብሪካው ይህን ድንጋይ እየገፈፈ፣ እያፈነዳ፣ እየፈጨ ወደ ምድጃው ሲያስገባ ከኋላው የተወው ነጭ ወለል ነበር። አፈር የለውም። የቀትር ፀሐይ ነጩ ድንጋይ ላይ ስታርፍ ዓይን አያስገልጥም። ጥቂት ዝቅ ሲሉ ጨው ጨው የሚል ውሃ ይገኛል።

ሬኔ ሃለር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የአትክልት ባለሙያ በ1959 በዚህ ኩባንያ ሲቀጠር የተሰጠው ሥራ ለሠራተኛው አትክልትና ፍራፍሬ ማብቀል ነበር። ባዶውን ካባ ሊያለብስ የተነሣው በ1971 አካባቢ ነው፤ ፋብሪካው ድንጋይ መቁረጥ ከጀመረ ከአሥራ አምስት ዓመታት በላይ ቆይቶ። ሃለር 26 ዓይነት የዛፍ ችግኞችን ወለሉ ላይ ሞከረ። የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ ኮኮናት ነው። ሁለተኛው ሶማሌዎች «ደማስ» የሚሉት፣ የአፍሪካ ቀንድ ተወላጅ የሆነ ድርቅና ጨው የሚችል ዛፍ። ሦስተኛው እኛም ከነዘመዶቹ የምናውቀው ነው፤ ሸውሸዌ።

ሸውሸዌን አዲስ አበባ ውስጥ በአንዳንድ የድሮ ግቢ አጥር ላይ ያየው ሰው ስሙን ከየት እንዳገኘ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ነፋስ ሲነካው ራሱ ይናገራል። ቅጠሉ መርፌ የመሰለ ቀጭን ስለሆነ ውሃ አያባክንም። ዋናው ብልሃቱ ግን ያለው ሥሩ ላይ ነው። ፍራንኪያ የሚባል ባክቴሪያ ሥሩ ላይ ቋጥሮ ይኖራል፤ ባክቴሪያው ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰደ ለዛፉ ይመግባል። ባቄላና አተር ማሳችን ላይ የሚያደርጉትን ሸውሸዌ ድንጋይ ላይ ያደርገዋል፤ ማዳበሪያ ፋብሪካውን ተሸክሞ የሚዞር ዛፍ ነው። ሃለር በሺዎች ተከለው፤ አደገም።

ከዚያ ሌላ ፈተና መጣ። የሸውሸዌ መርፌ ቅጠል መሬት ላይ ይረግፋል እንጂ አይበሰብስም። ቆዳ ፋቂ እንደሚጠቀምበት የዛፍ ልጥ ታኒን የበዛበት ስለሆነ ባክቴሪያ ይሸሸዋል። ጫካው ቆሟል፤ ሥሩ ግን አሁንም አፈር የለም፤ ደረቅ ምንጣፍ ብቻ። ያን ምንጣፍ የፈታው እግረ ቀይ ሺ እግር ነው፣ ሲነኩት የሚጠቀለለው፣ የጣት ርዝመት ያለው ጥቁር ፍጡር። ሃለር ይህ ፍጡር ሌላ የማይነካውን የሸውሸዌ ቅጠል ሲበላ አየና እያስለቀመ ካባው ውስጥ አስገባው። ሺ እግሩ መርፌውን ይቆረጥማል፤ ኩሱ ባክቴሪያ ሊሠራበት የሚችል ለስላሳ ነገር ይሆናል፤ ኩሱ ተጠራቅሞ አፈር ሆነ። ካቦው «ቆሻሻ» ያለው ነገር በሌላ አገር እንዲህ ነው የተሠራው፤ በሺ እግር ሆድ ውስጥ አልፎ፣ በግራም እየተቆጠረ።

አፈሩ ከመጣ በኋላ የቀረው ቀለለ። ወፍ ዘር ጣለ፤ ሣር በቀለ፤ ሌላ ዛፍ ተተከለ። ኩሬ ተቆፍሮ ቆሮሶ ረባ፤ አዞ ተጨመረ፤ ቀጭኔ፣ ጉማሬና ትልልቅ የዱር አጋዘኖች መጡ። የሃለር ሐሳብ እንስሳው ለጌጥ ሳይሆን ሥራ ኖሮት እንዲገባ ነበር፤ የአንዱ ውዳቂ የሌላው ቀለብ እንዲሆን። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ1987 «ግሎባል 500» የተባለውን ሽልማት ሰጠው፤ ቦታውም በኋላ በስሙ «ሃለር ፓርክ» ተባለ። ዓለም ግን ፓርኩን የበለጠ ያወቀው በ2004ቱ ሱናሚ ሰሞን ነው፤ እናቱን ያጣ ኦወን የሚባል የጉማሬ ግልገል እዚያ ገብቶ ምዜ ከሚባል ያረጀ ኤሊ ጋር ሲጣበቅ። ፎቶው ያልዞረበት አገር የለም። ሺ እግሩን ግን ማንም ፎቶ አላነሣውም፤ ይህ ትንሽ ያናድደኛል።

ስለ ባምቡሪ ስጽፍ እጄን የሚይዘኝ ነገርም አለ። ታሪኩ ሲነገር «ድንጋይ ላይ ጫካ በቀለ» ተብሎ ይዘጋል፤ አድማጩም ጉድጓድ ሁሉ በመጨረሻ ይድናል ብሎ ይሄዳል። ሃለር ግን ዕድሎች ነበሩት። ውሃው ለሥር ቅርብ ነበር። የባሕር ዳር ዝናብ አለ። የኖራ ድንጋይ መርዝ አያመነጭም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አሥርት ዓመታት ሙሉ ከአንድ ሥራ ያልተነሣ ሰውና ያን ሁሉ ጊዜ ደመወዙን የከፈለ ኩባንያ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ዛሬ የምናወራው ስለ ነጭ ጉድጓድ ነበር። የሄደውም ኮራል አልተመለሰም፤ ዛሬም ጉድጓድ ነው፣ ጫካ የለበሰ ጉድጓድ። በእኛ ቋንቋ «ማገገም» የሚለውን ቃል የምወደው ለዚህ ነው። ያገገመ ሰው እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል፤ ግን ቆሞ ይሄዳል፤ ሥራ ይሠራል።

የሞምባሳው የአፈር ታሪክ ነው። የውሃውን ታሪክ ለማየት ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ላውዚትዝ ወደሚባለው አካባቢ መሄድ ይሻላል።

የቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን መብራቷንም ሙቀቷንም የምታገኘው በአመዛኙ ከቡናማ የድንጋይ ከሰል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ በዓመት 300 ሚሊዮን ቶን ገደማ ታወጣ ነበር፤ በዓለም አንደኛ። ከሰሉ ያለው ከአሸዋና ከከርሰ ምድር ውሃ ሥር ስለሆነ መጀመሪያ ውሃው በፓምፕ ተስቦ በአሥር ሜትሮች ዝቅ እንዲል ይደረጋል፤ ከዚያ አሸዋው ተገፍፎ ከኋላ ይደፋል። በላውዚትዝ ከ130 በላይ መንደሮች በዚህ ቁፋሮ ጠፍተዋል፤ ብዙዎቹ ሶርብ የሚባለው አናሳ የስላቭ ሕዝብ መንደሮች ነበሩ። ሁለቱ ጀርመኖች በ1990 ሲዋሐዱ አብዛኛው ማዕድን ማውጫ በአጭር ጊዜ ተዘጋ። ፓምፖቹም ቆሙ።

ውሃው ተመለሰ። ጉድጓዶቹ እየሞሉ ሐይቅ ሆኑ፤ ከሩቅ ሲያዩት መልካም ዜና ይመስላል። ግን አሸዋው ውስጥ ፒራይት የሚባል፣ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ የብረትና የድኝ ውሑድ ነበር። መሬት ውስጥ ተዳፍኖ ሳለ ምንም አያደርግም። ተቆፍሮ አየር ካገኘ በኋላ ውሃ ሲነካው ግን ሰልፈሪክ አሲድና የተሟሟ ብረት ይሆናል። ከአዲሶቹ ሐይቆች ብዙዎቹ ፒኤች መጠናቸው ሦስት አካባቢ ሆኖ ተገኘ፤ ኮምጣጤ በሉት። ዓሣ አይኖርበትም። እስከ ዛሬም ጀልባ ኖራ ጭኖ ሐይቁ ላይ እየዞረ ይበትናል። ብረቱ ደግሞ ወደ ሽፕሬ ወንዝ እየገባ ውሃውን ዝገት ያስመስለዋል፤ ይኸው ወንዝ በርሊንን አቋርጦ የሚያልፈው ነው።

የተደፋው አሸዋም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ልል አሸዋ ውሃ ሲጠግብ በትንሽ ንቅናቄ እንደ ገንፎ ይፈሳል። ሐምሌ 18 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ከላውዚትዝ ውጭ ባለ ሌላ የቀድሞ የከሰል መንደር፣ ናኽተርሽቴት ውስጥ፣ የሐይቁ ዳርቻ ከነቤቱ ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ። የጀርመን መንግሥት እነዚህን ጉድጓዶች ብቻ የሚያክም ኩባንያ በ1994 አቋቁሞ እስካሁን ከአሥር ቢሊዮን ዩሮ በላይ አውጥቷል። አንዳንዱ በጎ ውጤት አምጥቷል። ዛሬ ሰው የሚዋኝባቸው፣ የሸራ ጀልባ የሚንሳፈፍባቸው ሐይቆች አሉ። ሒሳቡን የሚከፍለው ግን ከሰሉን ያወጣው ሳይሆን ግብር ከፋዩ ነው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ እንዳይመስል። የአዲስ አበባ ዳርቻው ጥቁር ድንጋይ አሲድ የማምጣት ጠባይ የለውም። የወርቅ ማዕድንና የድንጋይ ከሰል ግን ብዙ ጊዜ ድኝ ያዘለ ዓለት አብሯቸው አለ፤ ሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ከውጭ ሲያስገቡ የኖሩትን ከሰል በአገር ውስጥ ለመተካት ቁፋሮው በበዛበት በዚህ ጊዜ ከየጉድጓዱ የሚወጣው ዓለት ምን እንዳዘለ አስቀድሞ ቤተ ሙከራ ማስገባት የቅንጦት ሥራ አይደለም።

በእኛ ካባዎች የውሃ ነገር በሌላ መልኩ ነው የሚመጣው። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ጫፍ ላይ ድንጋዩ አልቆ የተተወ ጉድጓድ ነበር። የቆፈረው ድርጅት ማሽኑን ጭኖ ሲሄድ አጥር እንኳ አላጠረለትም። ሐምሌ ላይ ይሞላል፤ ውሃው አረንጓዴ ነው፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። ዋና የምንማረው እዚያ ነበር። አንድ ክረምት የክፍላችን ልጅ ገብቶ አልወጣም። ጎበዝ ዋናተኛ ነበር። በኋላ ትልልቆቹ ሲነጋገሩ እንደሰማሁት ውሃው ላይ አልደከመም፤ የሚይዘው ነገር አጥቶ ነው የደከመው። የካባ ግድግዳ እንደ ወንዝ ዳር አይደለም፤ እግር የሚቆምበት የለውም።

ያንን ጉድጓድ የሚያድነው ትልቅ ሳይንስ አልነበረም። ድንጋይ ሲወጣ ግድግዳውን በደረጃ በደረጃ መቁረጥ፣ ሥራው ሲያልቅ ያንን ደረጃ በተጠራቀመው ጭንጫ ማስተኛት፣ ሦስት እርምጃ ወደ ፊት ሲኬድ አንድ እርምጃ የሚወርድ ተዳፋት እስኪሆን ድረስ። እርከን የምንሠራ ሕዝብ ነን፤ ይህን የሚያስረዳን አያስፈልግም። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ጉድጓዱ ሳይገባ በቦይ መቀልበስ፣ ከጉድጓዱ የሚወጣውን ድፍርስ ውሃ ደግሞ ወንዝ ሳይደርስ ደለሉን ጥሎ በሚያልፍበት ኩሬ ማሳለፍ።

ወደ ካባው እንመለስ። ከፍንዳታው በኋላ ሽማግሌው ቤታቸው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው ቡና ሊያፈሉ ሲያቀራርቡ ረከቦቱን መጀመሪያ በጨርቅ ጠረጉት፤ ስኒዎቹንም እንደገና አለቀለቁ። «ጠዋት አጥቤው ነበር» አሉ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። የመስኮቱ ደፍ ላይ በጣቴ መስመር ሳብኩ፤ ግራጫ ዱቄት። ግድግዳው ላይ ከበሩ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጣራው የሚወጣ ስንጥቅ አለ፤ በጭቃ ተደፍኖ፣ እንደገና ተሰንጥቆ።

አቧራውም ስንጥቁም ሊቀነሱ የሚችሉ ናቸው። ድማሚቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ ከማፈንዳት፣ ጉድጓዶቹን በሺኛ ሰከንድ ልዩነት ተራ በተራ ማፈንዳት መሬት ውስጥ የሚሄደውን ንዝረት በጣም ይቀንሰዋል፤ ለጆሮ ያው አንድ ድምፅ ነው። መንገዱን በውሃ ቦቴ ማርጠብ፣ ክሬሸሩ አፍ ላይ ውሃ እንዲረጭ ማድረግ፣ ሲኖትራኩን በሸራ መሸፈን ለዓመታት የሚታወቅ ነገር ነው። ካባው ውስጥ ቦቴ አይቻለሁ። ጎማው ተንፍሶ ሣር በቅሎበታል።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ ሕግ አለ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈውታል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ደግሞ ባለፈቃዱ ለአካባቢው ማገገሚያ የሚውል ገንዘብ መመደብ እንዳለበት ይናገራል። የግንባታ ድንጋይ ፈቃድ የሚሰጡት ክልሎች ናቸው። ወረቀቱ ላይ ጉድጓዱ ባለቤት አለው። መሬት ላይ ግን ፈቃዱ የአንድ ማኅበር፣ ኤክስካቫተሩ በሰዓት የተከራየ፣ ክሬሸሩ የሌላ ሰው፣ ድንጋዩ የኮንትራክተር ሊሆን ይችላል፤ ማኅበሩ ሲበተን ጉድጓዱ አባት ያጣል።

አሜሪካኖች ይህን ችግር ያዩት በድንጋይ ከሰል ነው። ኩባንያው ከሰሉን ያወጣል፣ ኪሳራ ያውጃል፣ ተራራው ተገሽልጦ ይቀራል። ፕሬዚዳንት ካርተር በነሐሴ 1977 እ.ኤ.አ. የፈረሙት ሕግ ለዚህ መላ አበጀ። ቁፋሮ ሳይጀመር ኩባንያው መያዣ ያስቀምጣል፤ መጠኑም ኩባንያው ነገ ቢጠፋ መንግሥት በዚያ ገንዘብ ሌላ ሰው ቀጥሮ መሬቱን ሊያለብስበት የሚበቃ መሆን አለበት። የላዩ አፈር ለብቻ ይቀመጣል። መያዣው ሙሉ በሙሉ የሚለቀቀው ችግኝ በተተከለ ማግሥት አይደለም፤ የበቀለው ነገር ቢያንስ አምስት ዓመት፣ ዝናብ አጠር በሆነ አካባቢ ደግሞ አሥር ዓመት ቆሞ ከታየ በኋላ ነው። ሕጉ እንከን አላጣውም፤ መያዣው አንሶ ኩባንያው ከስሮ የቀሩ ጉድጓዶች አሉ። ግን አንድ ነገር ገልብጧል። ገንዘቡ በባለጉድጓዱ እጅ ሳይሆን በሌላ እጅ ነው፤ ስለዚህ መሬቱን ለማልበስ የሚቸኩለው ራሱ ባለጉድጓዱ ነው።

እኛ ጋ የምንቆጥረው ችግኝ ነው። ስንት ተተከለ የሚለው ቁጥር በየዓመቱ በሬዲዮ ይነገራል፤ ስንቱ እንደጸደቀ የሚነገረው በሹክሹክታ ነው። ካባ አፋፍ ላይ ባሕር ዛፍ ደርድሮ «መልሶ ለማ» ማለት ደግሞ ተለምዷል። ባሕር ዛፍን አልጠላም፤ አዲስ አበባን ከማገዶ ረሃብ ያዳነ ዛፍ ነው። ግን አፋፉ ላይ የበቀለው አፋፉ ላይ አፈር ስለቀረ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ አልወረደም።

ከመሄዴ በፊት ካቦውን እንደገና አገኘሁት። ዶዘሩ የመጀመሪያውን ቀን የቆመበትን ቦታ አሳየኝ። ከዚያ ገደሉ ወደ ቀኝ ነው፤ ወደ ግራ አንድ ሜዳ አለ፣ ድንጋዩ ጥራት ስለሌለው እስከ ዛሬም ያልተነካ። ርቀቱን በእርምጃ ለካሁት። ወደ ግራ ሰባ እርምጃ፣ ወደ ቀኝ ሃምሳ አምስት።

«ወደ ግራ ብትገፉትስ ኖሮ?» አልኩት።

አየኝ፣ ሜዳውን አየ። «ማንም አላለንም» አለ።

ሽማግሌው ሲሸኙኝ በጓሯቸው በኩል አሳለፉኝ። ከቤቱ ጀርባ በድንጋይ የተከበበ፣ ጉልበት የሚደርስ መደብ አለ፤ ርዝመቱ ሃያ እርምጃ ይሆናል። ጌሾ፣ ጎመን፣ ዳር ዳሩን ጤና አዳም። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ከግቢው ቀይ መሬት ጋር አይመሳሰልም።

«ይሄ ከየት መጣ፣ አባባ?»

«ከማሳዬ ነዋ።» መሬቱ እንደሚወሰድ ከተነገራቸው በኋላ፣ ዶዘሩ ሳይገባ፣ ከልጆቻቸው ጋር ዘጠኝ ቀን በማዳበሪያ እየሞሉ በሁለት አህያ አመላልሰውታል። ጎረቤት ስቆባቸዋል። የካሣው ነገር ሳያልቅ ሽማግሌው አፈር ይሸከማሉ ተብሎ ተወርቷል። ጎንበስ ብለው እፍኝ ዘግነው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። እርጥብ ነበር፤ ጨበጥ ሳደርገው ተያያዘ፣ ስለቀው ፍርክስ አለ። አንዲት ቀጭን ትል በጣቶቼ መሐል ወጥታ ተንጠለጠለች፤ ቀስ ብለው አንሥተው ወደ መደቡ መለሷት።

አጥሩ ላይ ታጥበው የተሰጡ ባዶ ማዳበሪያዎች ነበሩ፤ አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ካባው በሚቀጥለው ወር ወደ ጎረቤታቸው ማሳ እንደሚሰፋ ሰምተዋል። አህያ ከወዲሁ ተከራይተዋል፤ አንደኛዋ የራሳቸው ሞታባቸው ነው።